መጋረጃው የሚገለጥበት ቀን

ባለቬሎዋ የተገኘችው ከደረጃው ግርጌ በጎኗ ተዘርግታ ነው። አንድ እጇ ላይ ነጭ የጥጥ ጓንት አለ፤ ሌላው ጓንት ከላይኛው ደረጃ ጫፍ ላይ ወድቋል። እግሯ ባዶ ነው። ውጭ የከሰዓት ፀሐይ አናት ይበሳል። ቤቱ ውስጥ ግን መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል፤ ቀን ከሌት የማትጠፋው የደረጃው አምፖልም ጠፍታለች። ምራቷ ማብሪያውን በዳበሳ አግኝታ ስትጫነው ነው አማቷን እግሯ ሥር ያየቻት።

ሰዉ ባለቬሎዋ እያለ የሚጠራት በሙያዋ ነው። በሰፈሩ ከዚህ ቤት ቬሎ ለብሳ ያልተዳረች ሴት ጥቂት ናት። ሴትየዋ ግን ሉፐስ የሚባል ሕመም ነበረባት። ፀሐይ ሲያገኛት ፊቷ ይቀላል፣ መገጣጠሚያዋ ያብጣል፣ ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ትውላለች። ቤቱ በወፍራም መጋረጃ የታፈነው ለዚህ ነው። ሙሽሮቹ መጀመሪያ ሲገቡ በሩ ላይ ቆም ይላሉ፤ ነጭ ልብስ በጨለማ ቤት መለካት ለማንም ደስ አይልም።

መጀመሪያ የደረሱት ፖሊሶች ነገሩን በአጭሩ ቋጩት። ታማሚ ናት፣ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ ወድቃለች፤ አበቃ። የአስከሬን ምርመራው ሌላ ነገር ባያመጣ ኖሮ መዝገቡ እዚያው ይዘጋ ነበር። አመጣ፤ ጉዳዩም ለአንድ መርማሪ ተሰጠ።

መርማሪው በመሥሪያ ቤቱ «ይድገሙልኝ» በሚል ቅጽል ይታወቃል። ሰው የሚለውን ብሎ እፎይ እስኪል ጠብቆ፣ ምንም እንዳልሰማ አንገቱን ዘንበል አድርጎ «ይድገሙልኝ» ይላል። ባልደረቦቹ ጆሮው ይደክማል እያሉ ያሙታል። ጆሮውስ ደህና ነው። እውነት የተናገረ ሰው ድገም ሲሉት ይናደዳል፤ የዋሸ ሰው ግን ሲደግም ያሳምራል። እሱ የሚጠብቃት ያችን ማሳመሪያ ነው።

መጀመሪያ የሄደው ባለቬሎዋን ለዓመታት ወዳከመቻት ሐኪም ነው። ሐኪሟ የምርመራውን ውጤት ፊቷ ዘርግታ ጠበቀችው።

«የገደላት ውድቀቱ ነው» አለች። «አንገቷ ተሰብሯል። ግን ከመውደቋ በፊት ታማ ነበር። የአንጎሏ ሽፋን ተቆጥቷል። ማጅራት ገትር የያዘው ሰው ነው የሚመስለው።»

«ታዲያ ማጅራት ገትር ነዋ።»

«ጀርም የለም። ተፈልጎ ተፈልጎ ታጣ። ደሟ ውስጥ የተገኘው ሌላ ነው፤ አይቡፕሮፌን።»

ይድገሙልኝ ፈገግ አለ። «እሱማ እኔም ኪስ ውስጥ አለ።»

ሐኪሟ አልሳቀችም። «ለእርስዎ ማስታገሻ ነው። ሉፐስ ማለት ሰውነት ለጠላት ያዘጋጀውን ጦር በራሱ ላይ ሲያዞር ነው። ይህ ሕመም ያለበትን ሰው አልፎ አልፎ፣ በጣም አልፎ አልፎ፣ ያ ተራ ክኒን የአንጎሉን ሽፋን ያስቆጣበታል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ አንገቱ ግትር ይላል፣ ብርሃን ዓይኑን ይወጋዋል፣ ይቃዣል። ክኒኑ ሲቆም አብዛኛው ሰው ይድናል። ደግሞ ከወሰደው ግን ፈጥኖና ጠንክሮ ይመለሳል።»

«ደግማ ነው የወሰደችው?»

«አምና ደርሶባት እዚሁ ተኝታ ድናለች። ያን ጊዜ ቤተሰቧን ሰብስቤ ይህ ክኒን አጠገቧ እንዳይደርስ ብያለሁ።»

«ማን ማን ነበር?»

«ታናሽ እህቷ፣ ልጇና ምራቷ። ሌላ ሰው አልነበረም።»

«ይድገሙልኝ።»

ሐኪሟ ተናደደች፤ ደገመችለት። አንድም ቃል አልተለወጠም። ይድገሙልኝ አመስግኖ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ኪሱ ውስጥ ያለው ክኒን ከበደው፤ ሰው ሳይፈራ የሚይዘው ነገር ሲያስፈራ ከሁሉ የከፋ ነው።

ባለቬሎዋ ቤት ሲደርስ ልጅየው በምድር ቤቱ የመሸጫ ክፍል ብቻውን ተቀምጧል። ሥራው ደንበኛ መቀበል ነው።

«እናትህ ክኒን ከየት ነበር የምትወስደው?»

«ከቁልፍ ቆርቆሮ።»

«ከምን?»

«ከቆርቆሮ ሣጥን፤ የልብስ ቁልፍ የሚቀመጥበት። ሐር የሚቆረጠው ፎቅ ላይ ነው። እዚያ ጥግ ያለው ነገር፣ ሹል ነገር አይወጣም፤ ክር ይስባል። አንዴ ሰዓቴ ቬሎ ያዘና እማዬ ፎቁን ከለከለችኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እግሬ አልረገጠውም። የክኒን እሽግም ጥጉ ይቧጥጣል። ስለዚህ ሚስቴ እዚህ ኩሽና ውስጥ እየፈለቀቀች ፍሬውን ብቻ ቆርቆሮው ውስጥ ትጨምርላታለች። ፓራሲታሞል ነው፤ ለመገጣጠሚያዋ።» መሬት መሬት እያየ ጨመረ፤ «የምትሞላው እሷ ናት።»

«እናትህስ ልዩነቱን አታውቅም? ክኒኖቹ አይመሳሰሉም።»

«በዚህ ጨለማ? ደግሞ ጣቷ ይደነዝዛል፤ ጓንት ከእጇ አይወልቅም።»

«ከሚስትህ ጋር እንዴት ነበሩ?»

«እማዬ ለማንም ቀላል አልነበረችም። ግን ትወዳት ነበር መሰለኝ። በቀደም ጨርቅ የምትቆርጠው አክስቴ አንድ ሳቲን አበላሸችና እማዬ በሁላችን ፊት ‹ሌላ ከተበላሸ መቀሱን ለምራቴ ነው የምሰጠው› አለች። እንደዚያ ያለችላትን ሴት…» ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ምራቷ ኩሽና ውስጥ ቆማለች። ጥልፍና ዶቃ የምትሠራ፣ ቀጭን፣ ዓይኗ በልቅሶ ያበጠ ሴት ናት። ፖሊሶቹ የቆሻሻ ቅርጫቷን ገልብጠው፣ ከፓራሲታሞል እሽጎች መካከል አንድ ባዶ የአይቡፕሮፌን እሽግ አግኝተዋል። ቆርቆሮው ውስጥም የቀሩት ክኒኖች ሁለት ዓይነት ሆነዋል።

«እሽጉ ያንቺ ነው?»

«አይደለም። እኔ ያን ክኒን ከአምና ወዲህ በእጄም አልነካሁት።» ዓይኗን ጠረገች። «ባሌ ከትናንት ጀምሮ እኔ የቀዳሁትን ውኃ አይጠጣም። ‹አንቺ ነሽ› አላለኝም። ብርጭቆውን ያነሳና መልሶ ያስቀምጠዋል። ሌላው ቢቀር እሱ እንኳ…»

ይድገሙልኝ ውኃ ቀድታ እንድትሰጠው ጠየቃት። ቀዳችለት፤ ፊቷ ቆሞ ጠጣው። ከዚያ ስለ ቀኑ ጠየቃት።

«ጠዋት ክኒኗን ስትወስድ አየኋት። ደህና ነበረች፤ አጎንብሳ የቬሎውን ጫፍ እየመረመረች ነው ትቻት የወጣሁት። የባሌ አክስት ለአንዲት ሙሽራ የራስ መሸፈኛ አድርሺ ብላ ከከተማው ወዲያ ማዶ ላከችኝ። እሷም ክር ልትገዛ አብራኝ ወጣች፤ ባሌም ቀድሞን ወጥቶ ነበር። ስመለስ ደረጃው ጨለማ ነው።»

«መብራቱን ማን አጠፋው?»

«እንጃ። ጠፍቶ አያውቅም።»

ማብሪያው ያለው ከደረጃው ሥር ብቻ መሆኑን ይድገሙልኝ ሲገባ አይቷል። ላይ ያለች ሴት አጥፍታው ከላይ ልትወድቅ አትችልም።

«ሰሞኑን የተለየ ነገር አልነበረም?»

«የለም። ቬሎው አልቆ መጋረጃው በማግስቱ ሊገለጥ ነበር።» ግራ እንደተጋባ አይታ አስረዳችው። «ልብስ ከዚህ ቤት ከመውጣቱ በፊት አንድ ጊዜ የቀን ብርሃን ያያል። እማማ ፊቷን ተሸፋፍና ራሷ ትገልጠዋለች። ሳቲን ላይና ታች አለው፤ አንዱ ቁራጭ ተገልብጦ ከተቆረጠ በዚህ መብራት ብዙም አይለይም፣ ፀሐይ ላይ ግን ጠቁሮ ይታያል። እንዲያውም ከቀሚሱ አንዱ ቁራጭ ጠቆር ያለ መስሎኝ ለአክስቴ ነግሬያት ነበር። ‹ዓይንሽ ነው› አለችኝ። እኔም ነገ ሲገለጥ ይታያል ብዬ ተውኩት።»

«ድገሚልኝ።»

ምራቷ ተናደደች። ይድገሙልኝ ደስ አለው፤ አላሳየም።

ቆራጯ፣ የባለቬሎዋ ታናሽ እህት፣ ላይኛው ፎቅ ከሰፊው ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣለች። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ከልጅነቷ ጀምሮ ቆርጣለች። መቀሱ ከእጇ አልተለየም፤ መዳፏ ራሱ የመያዣውን ቅርጽ ይዟል። ክፍሉ ጥግ ላይ ቬሎው ልብስ በሚለካበት አሻንጉሊት ላይ ተሰቅሎ፣ በደብዛዛው መብራት ራስ የሌላት ሴት የቆመች ይመስላል። ይድገሙልኝ ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ አየው።

እጁን ከጎኗ ለሰላምታ ቢዘረጋ ዝም አለችው። ፊት ለፊቷ ሲዞር ነው ደንገጥ ብላ የጨበጠችው። ጠመኔዋን ስትፈልግ ጠረጴዛውን በመዳፏ እየዳበሰች ነው የምታገኘው።

«ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ።

«አሜን። እህቴም እናቴም እሷው ነበረች።»

ጠረጴዛው ላይ የመርፌ ካርቶን፣ የስፒል ካርቶንና የሳሙና መጠቅለያ አለ። የሁሉም ጥግ በመቀስ ተከርክሞ ክብ ሆኗል። ይድገሙልኝ አንዱን አነሳ።

«ይህን ማን ነው የሚከረክመው?»

«እኔ ነኛ። ጥግ ያለው ነገር እጄ ሲገባ መቀሱ ራሱ ይሄድበታል። ሐር ጥግ አይወድም።» ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«የዚያን ዕለቱን ይንገሩኝ።»

«ምን አለው? ከምራቷ ጋር ወጣሁ። ስወጣ እህቴ ደህና ነበረች። ክር ስገዛ ዋልኩ። ስመለስ ልጅቷ ስትጮኽ ሰማሁ። ከዚህ ሌላ የማውቀው ካለ ዓይኔን ግንባር ያርገው።»

«ይድገሙልኝ።»

አልተናደደችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ እንደገና ጀመረች። «ከምራቷ ጋር ወጣሁ። ከጠዋትም ጀምሮ ደስ አላላትም ነበር፣ ምስኪን። አንገቷ ግትር ብሎባት አገጯን ወደ ደረቷ ማውረድ እንኳ አቅቷት ነበር። ሕመሟ ተነስቶባት ነው የወደቀችው፤ የማንም እጅ የለበትም።»

ይድገሙልኝ አመስግኖ ወረደ። የደረጃውን ማብሪያ ሲያልፍ ጣቱን አሳረፈበት። ልክ በትከሻው ቁመት ነው።

በመሥሪያ ቤቱ አለቃው ቸኩሏል። «እሽጉ ኩሽናዋ ውስጥ፣ ክኒኑን የሞላችው እሷ፣ እነሱ አማትና ምራት። ሌላ ምን ትፈልጋለህ? ዛሬውኑ ያዛትና እንገላገል።»

«ጠዋት ልያዛት» አለ ይድገሙልኝ። «ሁሉም ባሉበት።»

አለቃው እጁን አወናጨፈ። ይድገሙልኝ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ባዶውን እሽግ በጣቱ ዙሪያውን ደባበሰው። አንድም ቦታ አልቧጠጠውም።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ላይኛው ፎቅ ተሰበሰቡ። ልጅየው እናቱ ከሞተች ወዲህ የሚከለክለው የለምና ወጣ፤ በሩ ላይ ግን ሰዓቱን አውልቆ ኪሱ ከተተ። ከሚስቱ ራቅ ብሎ ቆመ። ቆራጯ ወንበሯ ላይ ናት። ሐኪሟ ተጠርታ መጥታለች። ሁለት ፖሊሶች በሩን ይዘዋል፤ ምራቷ እነሱን ስታይ ጠረጴዛውን ተደገፈች።

«ባለቬሎዋ ወድቃ ሞተች» ብሎ ጀመረ ይድገሙልኝ። «የወደቀችው ግን ስለታመመች ነው። የታመመችው ተራ ክኒን ስለዋጠች ነው። ያ ክኒን ለእሷ መርዝ እንደሆነ ከሐኪሟ ሌላ የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም እዚህ አሉ።»

«ቆርቆሮውን የምትሞላው አንድ ሰው ናት» አለ ልጅየው፣ ማንንም ሳያይ።

«ልክ ነህ። ሚስትህ በዚህ ቤት ሥርዓት እሽጉን ኩሽና ውስጥ ፈልቅቃ እዚያው ትጥለዋለች። ቅርጫቷ ውስጥ የነበሩትን እሽጎች ሁሉ አየኋቸው። ጥጋቸው እንደወጣ ነው፤ ፎቅ ለማይወጣ ነገር ማን ይደክማል? አንዱ ብቻ ይለያል።» ባዶውን የአይቡፕሮፌን እሽግ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ይሄ አራት ጥጉም ተከርክሞ ክብ ሆኗል። እዚህ ፎቅ ላይ፣ ሐር አጠገብ፣ ኪስ ውስጥ ሲኖር የከረመ እሽግ ነው። ባለኪሱ ባዶ ሲሆን ነው ወርዶ ኩሽና የጣለው።»

ከአጠገቡ የመርፌውን ካርቶን አስቀመጠ። ክርክሙ አንድ ዓይነት ነበር።

«ለራስ ምታቴ ነው የምይዘው» አለች ቆራጯ ቀስ ብላ። «ክኒን መያዝ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ትናንት መጀመሪያ ሲነግሩኝ እህትዎ ደህና ነበረች አሉ። ሲደግሙልኝ አንገቷ ግትር ብሎ ነበር አሉ። ምራቷ ስትወጣ ግን አጎንብሳ የቬሎውን ጫፍ ታይ ነበር። ሐኪም፣ አንገት መቼ ነው የሚገትረው?»

«ክኒኑ ከተዋጠ ከሰዓታት በኋላ» አለች ሐኪሟ።

«ስለዚህ አንገቷን ያዩት ተመልሰው መጥተው ነው። የደረጃው መብራትም ራሱ አልጠፋም። ማብሪያው ከሥር ነው። ሕመምተኛዋን ላይ ትቶ የወረደ ሰው ነው ያጠፋው።»

«አክስቴ?» አለ ልጅየው። «ለምን?»

«መቀሱን ልትነጠቅ ስለነበር» አለ ይድገሙልኝ። «በቀደም አንድ ሳቲን ተበላሸ፤ እናትህ የመጨረሻ ነው አለች። ከዚያ ሚስትህ ምንም ሳትጠረጥር አንድ ቁራጭ ጠቆር አለብኝ አለቻት። መጋረጃው በማግስቱ ሊገለጥ ነው። የሚገልጠው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ቆራጯ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ስትናገር ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰለ።

«አምናም ሳላውቅ ክኒኔን የሰጠኋት እኔው ነኝ። ጥቂት ቀን ሐኪም ቤት ተኝታ ተነሳች። እንደዚያ ትነሳለች ብዬ ነው ቆርቆሮው ውስጥ የጨመርኩት። ጥቂት ቀን ትተኛልኝ፣ ቁራጩን ልቀይር፣ ማንም አይወቅ። ሞቷን እንዴት እመኛለሁ?»

«ተመልሰው ሲመጡ ለምን ሐኪም አልጠሩም?»

«ምራቷ ስትመጣ ትጠራለች አልኩ። እኔ ከጠራሁማ መኖሬ ይታወቃል።» እጇ ጋዋኗን ጨመደደ። «አላወቀችኝም። ‹እማዬ፣ መብራቱ ዓይኔን ወጋኝ፣ አጥፊልኝ› አለችኝ። በሞተችው እናታችን ነው የጠራችኝ። አንጀቴን በላችው። ወርጄ አጠፋሁላትና ወጣሁ። ተነስታ ትሄዳለች ብዬ… በዚያ ጨለማ ተነስታ ትሄዳለች ብዬ አላሰብኩም።»

ልጅየው ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። ምራቷ ወደ እሱ አልሄደችም። ወደ አክስቷ ዞረች። «እኔን ሊወስዱኝ ሲመጡም ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ» አለች ቆራጯ። «መቀሱ ላንቺ ነበር።»

ይድገሙልኝ በዚህ ሥራ ብዙ ክፋት አይቷል። ይህን ምን ብሎ እንደሚጠራው ግን አላወቀም፤ አዘነ፣ ደግሞም ተቆጣ።

«ቁራጩን ቀየሩት?» ሲል ጠየቃት።

ቆራጯ መዳፎቿን ጭኗ ላይ አሻሸች። ይድገሙልኝ ወደ ምራቷ ዞረ። «መጋረጃውን ግለጪው።»

ምራቷ ገመዱን ሳበች። ከአማቷ በቀር ማንም ገልጦት የማያውቀው መጋረጃ አቧራውን እያራገፈ ተከፈተ፤ የጠዋት ፀሐይ ክፍሉን ሞላው። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት ቬሎው መሀል ላይ እያበራ ቆሟል። ከጉልበቱ በታች፣ በፊት ለፊቱ፣ አንድ ሰፊ ቁራጭ ከሌላው ተለይቶ ጠቁሯል። ልጅየው እንኳ፣ ጨርቅ የማያውቀው፣ አፉን ከፍቶ ያየዋል።

ቆራጯ ተነስታ ሁለት እርምጃ ቀረበች። ዓይኖቿን ብርሃኑ ላይ አፍጥጣ ራሷን ወዲያና ወዲህ አዘነበለች። ዓይኖቿ ላይ ያለው ስስ ጉም ለሁሉም የታየው ያን ጊዜ ነው።

«የቱ ጋ ነው?» አለች።

እጇን ወደ ቬሎው ዘረጋች።

«ከነገረችኝ ጀምሮ በእጄ ፈልጌ አጣሁት። የቱ ጋ ነው?»

ምራቷ እያለቀሰች ቀረበች። የአክስቷን እጅ ያዘች፤ ዝቅ አድርጋ ጥቁሩ ቁራጭ ላይ አሳረፈችው። ቆራጯ በመዳፏ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች አንድ ጊዜ ዳበሰችው።

«ምንም የለውም እኮ» አለች።

ፖሊሶቹ ጠበቋት። እጇን ከቬሎው ላይ እስክታነሳ ድረስ ማንም አልነካትም።